«ጋሊሌዮ፣ ቬኒስ፣ 1610» የሚል መጽሐፍ አግኝቻለሁ፤ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

ጥያቄ፦ አጎቴ በወጣትነታቸው ጣሊያን ተምረው ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡ መጻሕፍት መካከል አንድ ቀጭን የላቲን መጽሐፍ አገኘሁ። የፊት ገጹ ላይ የጋሊሌዮ ስም፣ ቬኒስ እና 1610 ይነበባል። ውስጡ የጨረቃ ሥዕሎች አሉት፤ ወረቀቱ ቡናማ ሆኗል። የመጀመሪያው እትም ይሆን? አዲስ አበባ ሆኜ እንዴት ላረጋግጥ? ላጽዳውስ? ልሸጠው ብልስ?

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት አደራ፦ መጽሐፉን አያጽዱ፣ የተቀደደውን አይለጥፉ፣ አያስጠርዙት። እውነተኛ ከሆነ ብዙው ማስረጃ የሚገኘው፣ ሰው «ቆሻሻ» ወይም «ጉድለት» ብሎ በሚያስወግደው ነገር ላይ ነው። ሐሰተኛ ከሆነም የሚያጋልጠው እሱው ነው።

የመጽሐፉ ስም በላቲን «ሲዴሬዩስ ኑንቺዩስ» ነው። «ኑንቺዩስ» መልእክትም መልእክተኛም ስለሚሆን «የከዋክብት መልእክተኛ» የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ጋሊሌዮ ያሰበው ግን «መልእክት» የሚለውን ነበር። በቴሌስኮፕ የታየ ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ታትሞ ለዓለም የቀረበው በዚህ ነው፦ ጨረቃ ተራራና ሸለቆ እንዳላት፣ ፍኖተ ሐሊብ የከዋክብት ክምችት እንደሆነ፣ በጁፒተር ዙሪያም አራት አጃቢዎች እንደሚዞሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፊት ገጹ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። «ቬኒስ፣ ቶማሶ ባልዮኒ ማተሚያ፣ 1610» የሚል ገጽ በሦስት ዓይነት መጻሕፍት ላይ ይገኛል፦ በ1610 በታተመው ራሱ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በፎቶግራፍ ተባዝተው በግልጽ በተሸጡ ቅጂዎች፣ እና ለማታለል በተሠሩ ሐሰተኞች። ከአውሮፓ በሻንጣ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሁለተኛዎቹ ናቸው፤ ይህን ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። ሌሎቹ ጥንታዊ እትሞች የራሳቸው መለያ አላቸው። በዚያው በ1610 ፍራንክፈርት ላይ ፓልቴኒዩስ የሚባል አታሚ ያለ ጋሊሌዮ ፈቃድ አሳትሞታል፤ ያኛው ቁመቱ አነስ ያለ ሲሆን የጨረቃዎቹ ሥዕሎች በእንጨት ላይ ተቀርጸው በሸካራው የተቀዱ ናቸው። በ1653 ለንደን ላይ ከጋሴንዲ የሥነ ፈለክ መማሪያና ከኬፕለር የብርሃን ጥናት ጋር በአንድ ጥራዝ ወጥቷል፤ በ1656 ደግሞ ቦሎኛ ላይ በጋሊሌዮ ሥራዎች ስብስብ ውስጥ ገብቷል። እነዚህም ዋጋ አላቸው፤ የፊት ገጻቸው ጠፍቶ የቬኒሱ የፎቶ ቅጂ ከተለጠፈባቸው ግን ሰው ሊያሳስቱ ይችላሉ። ስለዚህ ምርመራው ከፊት ገጹ ሳይሆን ከመጽሐፉ አካል ይጀምር።

የቬኒሱ መጽሐፍ የተሠራው በጥድፊያ ነው፤ ለመለየት የሚረዳንም ጥድፊያው ነው። ጋሊሌዮ የጁፒተርን አጃቢዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ መጽሐፉን ለማሳተም ቬኒስ ገብቶ ነበር። የመጨረሻው የተመዘገበ ምልከታ የማርች 2 ሲሆን፣ ለቶስካናው መስፍን ለዳግማዊ ኮሲሞ ደ ሜዲቺ የጻፈው መታሰቢያ የማርች 12 ቀን አለው። ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ስለሰጋ፣ የፊተኛው ክፍል ማተሚያው ላይ ሳለ የኋለኛው ገና እየተጻፈ ነበር። እንዲህ የተሠራ መጽሐፍ ስፌቱ ይታያል።

አንደኛው ስፌት በስሙ ላይ ነው። የፊት ገጹ «ሲዴሬዩስ ኑንቺዩስ» ይላል። ቅጠል 5 ላይ ዋናው ጽሑፍ ሲጀምር ግን አርእስቱ «አስትሮኖሚኩስ ኑንቺዩስ» ነው። የቬኒስ መንግሥት የአሥሩ ምክር ቤት አለቆች በማርች 1 የሰጡት የኅትመት ፈቃድ ደግሞ መጽሐፉን «አስትሮኖሚካ ዴኑንቺያቲዮ አድ አስትሮሎጎስ» ብሎ ይጠራዋል። ሦስቱም ስሞች በእርስዎ ቅጂ ውስጥ ሊኖሩ ይገባል።

ሁለተኛው ስፌት ከሁሉም የሚያምረው ነው። ጋሊሌዮ አራቱን አጃቢዎች በመስፍኑ ስም ሊሰይም ፈልጎ «ኮስሚካ» (ከኮሲሞ) ወይስ «ሜዲቼያ» (ከቤተሰቡ ስም) ይሻል እንደሆነ ለመስፍኑ ጸሐፊ ለቤሊሳሪዮ ቪንታ በፌብሩዋሪ 13 ጻፈ። ቪንታ ከሳምንት በኋላ ሲመልስ «ሜዲቼያ»ን መረጠ፤ «ኮስሚካ» የግሪኩን «ዓለም» የሚለውን ቃል ስለሚመስል ለሌላ ትርጉም ይጋለጣል አለ። መልሱ ሲደርስ ግን ቅጠል 5 «ኮስሚካ» ተብሎ ታትሞ አልቆ ነበር። ስለዚህ «ሜዲቼያ» የሚል ቃል በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ታትሞ በስህተቱ ላይ ተለጠፈ። መጽሐፉን እዚህ ላይ ይክፈቱና ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ገጹን ሊነካ እስኪል ዝቅ አድርገው ያብሩ። እውነተኛ ቁራጭ ከሆነ ዙሪያው ጥላ ይጥላል፤ ጠርዙ በዓይን ይለያል። በፎቶ ቅጂ ላይ የቁራጩ ጠርዝ እንደ መስመር ይታይ ይሆናል፣ ገጹ ግን ሜዳ ነው። ቁራጩን በጥፍር እንዳይነኩ፤ የ400 ዓመት ሙጫ ነው። ቁራጩ ሳይለጠፍባቸው «ኮስሚካ» እንዳሉ የቀሩ ቅጂዎችም ስላሉ፣ አለመኖሩ ብቻውን ሐሰት አያሰኘውም።

ሦስተኛው በቅጠል ቁጥሩ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚሄደው በገጽ ሳይሆን በቅጠል ሲሆን በ28 ያበቃል። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ግን 30 ይሆናሉ፤ ምክንያቱም በ16ና በ17 መካከል ቁጥር የሌላቸው ሁለት ቅጠሎች ገብተዋል። የኦሪዮንና የሰባቱ ከዋክብት ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው፤ በመጨረሻ ሰዓት የተጨመሩ ናቸው። 28 ቅጠል ብቻ ካገኙ መጽሐፉ ጎድሏል። ሁለቱ ቅጠሎች ቁጥር ካላቸው ደግሞ በእጅዎ ያለው ሌላ እትም ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የብራና ጥራዝ የቆጠረ ሰው ይህ አይከብደውም። የቬኒሱ እትም አንድ ሙሉ ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፎ አራት ቅጠል የሚሆንበት ነው፤ ሰባት ጥራዝ ባለ አራት ቅጠል፣ በተጨማሪም ያ ግማሽ ወረቀት። በጥራዞቹ መጀመሪያ ላይ ከገጹ ግርጌ በላቲን ፊደል ተራ ምልክት ይገኛል፤ ጠራዡ ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው በሱ ነው። የዚያ ዘመን ወረቀት በእጅ የሚሠራው በሽቦ ወንፊት ስለሆነ፣ ቅጠሉን ወደ መስኮት ቢያነሡት ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮችን፣ እነሱንም የሚያቋርጡ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር የተራራቁ ወፈር ያሉ መስመሮችን ያያሉ። ሁለት ጊዜ በታጠፈ ወረቀት ላይ ወፋፍራሞቹ አግድም ይሄዳሉ፤ የውሃ ምልክቱም (ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት በውስጡ የሚታየው የወረቀት ሠሪው ምልክት) በቅጠሉ መካከል፣ ከስፌቱ ጋር ተቆርጦ ይገኛል። ሦስት ጊዜ በታጠፈው፣ እንደ ፍራንክፈርቱ፣ መስመሮቹ ቁልቁል ናቸው፤ ምልክቱም ወደ ላይኛው የውስጥ ማዕዘን ይሸሻል። የእርስዎ መጽሐፍ ቬኒስ እያለ መስመሩ ቁልቁል ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ይችላሉ።

ምልክት ባለው ወረቀት ላይ ሌላም ነገር ይቆጣጠሩ። በእያንዳንዱ ባለ አራት ቅጠል ጥራዝ ውስጥ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛውም ከሦስተኛው ጋር አንድ ቁራጭ ናቸው። ምልክቱ ከሁለቱ ጥንዶች በአንዱ ላይ ብቻ ሊገኝ ይገባዋል። በሁለቱም ላይ ከታየ ከሌላ ቅጂ ወይም ከዘመናዊ ወረቀት ቅጠል ተዋሷል ማለት ነው። እውነተኛ መጽሐፍ የጎደለውን ሁለት ቅጠል በፎቶ ቅጂ ሞልቶ መሸጥ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ ምርመራው በአንድ ገጽ ላይ ሳይሆን በ30ውም ቅጠል ላይ መደረግ አለበት። ይህ ጥራዝ ቆጠራ በ1513 ሮም ላይ ለታተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትም ሆነ ለማንኛውም የዚያ ዘመን ኅትመት ስለሚያገለግል መማሩ አይከፋም።

መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት ከሆነ 1610 ሊሆን አይችልም፤ እንዲህ ያለው በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ የዋለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። መስመር መኖሩ ግን በራሱ አያጸድቅም፤ ዘመናዊ ፋብሪካም መስመር ያትማል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በጥንቱ ወረቀት ወፋፍራሞቹ መስመሮች ዳርና ዳር ላይ ወረቀቱ የሚሠራበት ፈሳሽ ድቁስ ስለሚጠራቀም በብርሃን ሲታይ ደብዘዝ ያለ ጥላ ይከተላቸዋል። በዘመናዊው መስመሩ ንጹሕና እኩል ነው። የውሃ ምልክት ምን ያህል እንደሚናገር አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የጋሊሌዮ የእጅ ጽሑፍ ብሎ ያኖረውን አንድ ወረቀት የታሪክ ተመራማሪው ኒክ ዊልዲንግ በ2022 መረመረው፤ በውሃ ምልክቱ ላይ ያሉት ፊደላት የቤርጋሞ ከተማ ወረቀት መሆኑን የሚያሳዩና ከ1770 በፊት የማይታወቁ ሆነው ተገኙ። ጋሊሌዮ ያን ጊዜ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ለገንዘብ መፈተሻ የሚሸጠው ሰማያዊ መብራትም ይጠቅምዎታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያብሩበት። ወረቀቱ እንደ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ደማቅ ሰማያዊ ከሰጠ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተጀመረ ማንጫ ኬሚካል አለበት። ካልሰጠ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። ቡናማነቱንም አይመኑት። ሻይ የጠጣ ወረቀት ዳር እስከ ዳር እኩል ይጠይማል፤ በዕድሜ የጠየመ ግን ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከቅጠል ቅጠልም ይለያያል።

ከወረቀቱ ይበልጥ እኔ የማምነው ኅትመቱን ነው። ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ያግኙ፤ የሰዓት ሠሪዎች መነጽር ይበቃል። ፊደሉ በነጠብጣብ የተገነባ ከሆነ ኦፍሴት የሚባለው ዘመናዊ ኅትመት ነው፤ ነገሩ አበቃ። በእርሳስ ፊደል የታተመ ከሆነ ቀለሙ በግፊት ወደ ጠርዙ ስለሚሸሽ ፊደሉ ዙሪያውን የጠቆረ ክፈፍ ይኖረዋል። በጎን ብርሃን ሲታይ ፊደሉ ወደ ውስጥ ሰምጧል፤ በቅጠሉ ጀርባም እብጠቱ ይታያል። ፊደል ለቃሚው የደረደራቸው ፊደላት አዲስና አሮጌ የተቀላቀሉ ስለሆኑ አንዱ በጥልቀት፣ ጎረቤቱ በለስላሳው ይሰምጣል። ይህ አለመመጣጠን የእውነተኛነት ጠረን ነው። (ቀድሞ በጠራዥ ታጥቦ የተጨመቀ ቅጂ ግን ስምጠቱ ሊጠፋበት ስለሚችል፣ ልሙጥ ሆነ ብለው ወዲያው አይጣሉት።)

ወሳኙ ገጽ የጨረቃዎቹ ነው። ከቅጠል 8 እስከ 10 ባሉት ገጾች አምስት የጨረቃ ምስሎች አሉ፤ የተሠሩት ግን በአራት የመዳብ ሰሌዳ ነው፤ አንደኛው ሁለት ጊዜ ታትሟል። በመዳብ ላይ ቀለሙ የሚቀመጠው በተቆፈረው መስመር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሌላ ዓይነት፣ በሁለት ጥቅሎች መካከል የሚጨምቅ ማተሚያ ያስፈልገዋል። አንድ ወረቀት መጀመሪያ ለፊደሉ፣ ቀጥሎ ለጨረቃዋ፣ ሁለት የተለያዩ ማተሚያዎች ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው መለያ እንዲህ ነው፦ በአንዱ ገጽ ላይ ፊደሉ ወደ ውስጥ ሰምጦ፣ የጨረቃዋ መስመር ግን ከወረቀቱ ገጽ ብቅ ብሎ ይገኛል። በሥዕሉ ዙሪያም የሰሌዳው ጠርዝ የተወው ጠባሳ አለ። ሰሌዳው በእጅ የሚቀመጥ ስለሆነ ሥዕሉ ትንሽ ጠመም ሊል ወይም ወደ ጽሑፉ ሊጠጋ ይችላል፤ ከቅጂ ቅጂም ይለያያል። አንድ ክሊሼ (ከፎቶ የሚሠራ የማተሚያ ሰሌዳ) ላይ ጽሑፍና ሥዕል አብሮ ያወጣ ሰው ይህን ሊያስመስል አይችልም፤ ሁለቱም ወይ ይሰምጣሉ ወይ ይለሰልሳሉ።

የጨረቃው ቦታ ባዶ ከሆነስ? ደስታዎም ሐዘንዎም ቶሎ አይሁን። ወደ ሁለተኛው ማተሚያ ሳይሄዱ የቀሩ፣ ጽሑፉ ብቻ ያለባቸው እውነተኛ ቅጂዎች አሉ። በባዶው ቦታ ላይ በእጅ በቀለም የተሳለ ጨረቃ ካለ ግን በጣም ይጠንቀቁ፤ ለምን እንደሆነ ከታች እነግርዎታለሁ።

የጁፒተር ገጾች ቀላል ናቸው። ፕላኔቷ በትልቁ የላቲን «ኦ»፣ አጃቢዎቿ በኮከብ ምልክት ከተራ የእርሳስ ፊደል ተደርድረዋል፤ ግራና ቀኙ ምሥራቅና ምዕራብ የሚል ምሕጻረ ቃል አለ። ቅርጽ የሚያወጣለት ሰው ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረም። እዚህም ፊደላቱ እንደ ጽሑፉ መስመጥ አለባቸው።

ይህን ሁሉ ያለፈ መጽሐፍ እንኳ ሊያታልል እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። በ2005 አንድ የኒውዮርክ ነጋዴ እስከዚያ የማይታወቅ ቅጂ ገዛ። በመዳብ ሰሌዳዎቹ ፈንታ አምስት ጨረቃዎች በቀለም ተስለውበት ነበር፤ በጋሊሌዮ እጅ የተሳሉ ናቸው ተባለ። በበርሊን የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ሆርስት ብሬደካምፕ የመሩት ቡድን በከፍተኛ መሣሪያ መርምሮ በ2011 እውነተኛ ነው ሲል በሁለት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ዊልዲንግ ግን ተጠራጠረ። ላዩ ላይ የነበረው፣ ጋሊሌዮ አባል የነበረበትን የሊንቼይ አካዳሚ የመሠረተው የፌዴሪኮ ቼዚ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ከእውነተኞቹ ጋር አልገጠመም። በፊት ገጹ ላይ ደግሞ በአንድ ዘመናዊ የፎቶ ቅጂ ላይ ከሚገኝ እንከን ጋር የሚገጥም ነጥብ ተገኘ። ቡድኑ እንደገና መረመረና በ2014 የራሱን ስህተት ራሱ በዝርዝር አሳተመ፤ ይህን ማድረጋቸው ያስከብራቸዋል። መጽሐፉ የታተመው ከፎቶ በተሠራ የፕላስቲክ ክሊሼ ነበር። ፊደሉ ስለሚሰምጥ ዓይን ያምናል፤ ግን ሁሉም ፊደል በእኩል ይሰምጣል፣ በምንጩ ፎቶ ላይ የነበረ እድፍም እንደ ፊደል ቀለም ይዞ ይታተማል። በወረቀቱ ውስጥም በ1610 የማይጠበቅ ዓይነት የጥጥ ጭረት ተገኘ። ከጀርባው የነበረው ማሲሞ ዴ ካሮ ነው፤ ኋላ ኔፕልስ የሚገኘውን የጂሮላሚኒ ቤተ መጻሕፍት ሲመራ ከዚያው በመዝረፍ የተፈረደበት ሰው።

ከዚህ የምወስደው ለእርስዎም የሚሆን አሠራር አለ፦ መጽሐፉን ብቻውን አይመርምሩት። ከሌላ እውነተኛ ቅጂ ጋር ገጽ ለገጽ ያስተያዩት። ካንሳስ ሲቲ የሚገኘው ሊንዳ ሆል ቤተ መጻሕፍት ቅጂውን በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል፤ ሌሎች ትልልቅ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ። በእርስዎ ቅጂ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ፣ ስንጥቅና የተሰበረ ፊደል በነሱ ላይ አለ ወይ? የተሰበረ ፊደል በሁሉም ላይ ሊገኝ ይችላል፤ እርሳሱ ራሱ ተሰብሮ ነውና። እድፍ ግን የአንድ ቅጂ ብቻ ንብረት ነው። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ቅጂ ላይ ያለ እድፍ በእርስዎ ላይ በታተመ ቀለም ከተገኘ የእርስዎ ከዚያ የተቀዳ ነው።

ከኅትመቱ ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤትነት ነው። ጋሊሌዮ እንደጻፈው የታተመው 550 ቅጂ ነበር፤ ወዲያው አልቆ ለራሱ ከሚገባው 30 የደረሰው 6 ብቻ ነው። የተረፉት ብዙዎቹ በቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ፣ በግል እጅ አዲስ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ከየት ወጣ?» ነው። የማድሪዱ የስፔን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2014 ቅጂውን ለጥገና ሲያወጣ በሐሰተኛ ተተክቶ አገኘው፤ ጉዳዩ በይፋ የታወቀው በ2021 ነው። የተፋቀ ማኅተም፣ የተቆረጠ የፊት ገጽ ጥግ፣ ታጥቦ የደበዘዘ የመደርደሪያ ቁጥር ካለ በሰማያዊው መብራት ይታይ ይሆናል፤ የሚያዩትን እንዳለ ያንሡት፣ አይሸፍኑት። የአጎትዎን የጣሊያን ዘመን የሚያሳዩ ደብዳቤዎች፣ ደረሰኞች፣ መጽሐፉ የሚታይባቸው ፎቶዎች ካሉ አሁኑኑ ይሰብስቡ፤ ቤተሰብ ውስጥ የሚያስታውስ አዛውንት ካለም ቃሉን ይጻፉ። ኢንተርፖል የተሰረቁ ቅርሶች መዝገብ አለው፤ ዓለም አቀፉ የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበርም የጠፉ መጻሕፍት መዝገብ ይይዛል። ሁለቱንም ይፈልጉባቸው። ጣሊያን ጥንታዊና ብርቅ መጽሐፍ ከአገር ሲወጣ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ መቼና እንዴት እንደወጣ በሕግ ባለሙያ ማስመርመር ግድ ነው።

ማጽዳት ብለዋል። የሚፈቀደው አንድ ብቻ ነው፦ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከሽፋኑ ላይ ያለውን አቧራ ከስፌቱ ወደ ውጭ መጥረግ። ላጲስ፣ ዳቦ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ አልኮል አይሆንም። ስኮች የሚባለው ፕላስተር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በታጠበና በደረቀ እጅ ይያዙ እንጂ የጨርቅ ጓንት አያድርጉ፤ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ቅጠል ያስቀድዳል። ሲከፍቱት ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ሁለት የተጠቀለሉ ፎጣዎችን ግራና ቀኝ ደግፈው ያስቀምጡት። ማስቀመጫው ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱም ከ40 እስከ 55 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። የአዲስ አበባ ሙቀት አይጎዳውም፤ የሚያሰጋው የክረምቱ እርጥበት ነው። ከግድግዳና ከወለል አርቀው፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ጋደም አድርገው ያኑሩት፤ ፕላስቲክ ውስጥ አያሽጉት፤ ያልባል፣ ከዚያ ይሻግታል።

ስለ መሸጥ፦ እውነተኛ የቬኒስ ቅጂ በዓለም ገበያ በመቶ ሺህዎች ዶላር የሚቆጠር ዋጋ ያወጣል፤ ለዚህም ነው የሚታለሉትም የሚያታልሉትም የበዙት። ማንም «በሥዕሉ አይቼ እገዛዋለሁ» ቢልዎ አይስማሙ። ለአንድ ቀንም ቢሆን ያለ ጽሑፍ ለማንም አያውሱት። መጀመሪያ ከቤተ መጻሕፍት ወይም ከታወቀ ጨረታ ቤት የጥንታዊ ኅትመት ክፍል አስተያየት ይጠይቁ። አስተያየቱ በነጻ የሚሰጥ ከሆነ የመጀመሪያ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ለማረጋገጫ መጽሐፉ ራሱ መታየት አለበት።

አስተያየት ለመጠየቅ የሚልኩት ፎቶ እንዲህ ይሁን። በመስኮት የቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው የፊት ገጹን ያንሡ፤ ከዚያ ቅጠል 5ን በጎን ብርሃን፤ አንድ የጨረቃ ገጽ ከነጀርባው በጎን ብርሃን፤ በ16ና በ17 መካከል ያሉትን ቁጥር የለሽ ገጾች፤ አንድ ቅጠል በመስኮት ላይ ተደግፎ መስመሮቹና የውሃ ምልክቱ እየታዩ፤ ሽፋኑን ከውስጥና ከውጭ፤ ማንኛውንም ማኅተምና የእጅ ጽሑፍ። በማጉያው በኩል ሦስት ወይም አራት ፊደላትን በስልክዎ ካሜራ ማንሳት ከቻሉ እሱንም ይጨምሩ። የጨረቃው መስመር ብቅ፣ ፊደሉ ስምጥ ብሎ በአንድ ገጽ ላይ ከታየ፣ ሌላውን ፎቶ ሳይጨርሱ ያንን ብቻውን ቀድመው ይላኩ።